አራተኛው ማሰሪያ

አኖ፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለዱረቲ ታፋ፤
ሐዋሳ

ሰባ ስድስት ዓመቴ ነው። ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር አስገባለሁ። ውኃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ እሠራለሁ፤ ጨው ይበዛበታል እንጂ ይበላል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ ሄጄ በእግሬ እመለሳለሁ። ስብከቱ ሲረዝም እንደ ሌሎቹ ሽማግሌዎች አልተኛም፣ ዓይኔን ብቻ ነው የምጨፍነው። ዛፍም እወጣለሁ። ይህችን መጨረሻ ላይ ላስገባት ነበር፤ ነገር ግን እናትሽ «ከባዱን ሸክም ጠዋት ተሸከመው» ትል ስለነበር ከፊት አደረግኋት።

ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አካም ጅርታ? ባለቤትሽ በኃይሉ እንዴት ነው? የልጅ ልጄ የአብስራስ፣ የወለቀው ጥርሷ በቀለ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። የደረቴ ሳል ለቆኛል፣ ጉልበቴም ሲዘንብ ብቻ ነው የሚያወራው።

ለምን አልደወልክም እንዳትዪኝ። ስልኩ አለ፣ ኔትወርኩም ከሄደበት ተመልሷል። ግን በስልክ ስናወራ እኔ የጀመርኩትን ሳልጨርስ አንቺ ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ እኔ ባትሪ አለቀ እላለሁ። ወረቀት አያቋርጥም፣ አያለቅስም። የጎረቤታችን የሮቤራ ልጅ ለትምህርት ወደ ሐዋሳ ስለሚመለስ በእሱ እጅ ልኬዋለሁ። ሮቤራ እኔ ልጻፍልህ ብሎኝ ነበር፤ እምቢ አልኩት። ለልጄ የምለውን ሰው አይልልኝም። ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሺኝ። አንቺ በቁቤ ተምረሽ አደግሽ፤ እኔ ያለኝ እናትሽ የሰጠችኝ ፊደል ብቻ ነው።

እንዴት እንደሰጠችኝ ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። የመሠረተ ትምህርት ጊዜ አንቺ ገና አልተወለድሽም ነበር። እኔ ጎልማሳ ሰው ከሴትና ከሕፃን ጋር አግዳሚ ላይ መቀመጥ አፈርኩና ንብ አለብኝ እያልኩ እቀር ነበር። እናትሽ ስድስተኛ ክፍል የደረሰች፣ ከመንገድ ሥራ ጋር መጥቶ እዚሁ አኖ የቀረ የሸዋ ሰው ልጅ፣ ምን አለች መሰለሽ? «አንተ ንቡ ጋ ከሆንክማ ትምህርቱም ንቡ ጋ ይምጣ» አለች። አባቷ ካስቀመጠው ሬንጅ በእንጨት እየነከረች በእያንዳንዱ ቀፎ ሆድ ላይ አንድ አንድ ፊደል ጻፈችልኝ። ሀ ግንዱ አጠገብ ያለው ቀፎ ነው። ለ ከእሱ ቀጥሎ ወደ መንገዱ በኩል ነው። ሐ ደግሞ ያ ንቡ ሁልጊዜ የሚቆጣው ነው፤ ዛሬም ሐን ስጽፍ ጣቴን የሚነድፈኝ ይመስለኛል። ቀፎ ሲያልቅብኝ ፊደል ያልቅብኛል። ስለዚህ ፊደል ለመጨመር ቀፎ እሠራ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ታፋ ማር አይጠግብም ይል ነበር። ይበሉ።

እነዚያ ቀፎዎች የተሰቀሉበት ዋንዛ ላይ ያለውን ማማ ማን እንዳሠራውም ታውቂያለሽ። እኔ በወጣትነቴ ማር ስቆርጥ ቅርንጫፉን እንደ ፈረስ ነበር የምቀመጠው። አንድ ዓመት ንብ ዓይኔን ነድፎኝ በአንድ እጄ ተንጠልጥዬ እናትሽ ከሥር አየችኝ። አልጮኸችም። ስወርድ ግን «መውጣትህ ካልቀረ እዚያ ላይ አልጋ ይኑርህ» አለች። በማግስቱ ሁለት ወፍራም አግዳሚ ቆረጥን፤ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ አጋደምናቸው፣ በላያቸው ቀጫጭን እንጨት ረበረብንና በአራት ቦታ አሰርናቸው። ሰው ማማ የሚሠራው ዝንጀሮ ሊጠብቅ ነው፤ እናትሽ ግን እኔን ለመጠበቅ አሠራችው።

ማሰሪያው ክረምት ሲወጣ ይበሰብሳል። ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም ላይ ይፈታል፣ በአዲስ ይታሰራል። ይህ ሥራ ደግሞ የሁለት ሰው ነው፤ የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። እኔ ከላይ ሆኜ ገመዱን በአግዳሚውና በቅርንጫፉ ላይ አዙሬ ጫፉን ወደ ታች እወረውራለሁ። እናትሽ ጫፉን በወገቧ አዙራ፣ እግሯን በዋንዛው ሥር ላይ ደግፋ፣ ወደ ኋላ ትንጋለላለች። በጉልበት አትስብም፤ ዝም ብላ ክብደቷን ለገመዱ ትሰጠዋለች። እኔ «ድንቄ፣ ያዝሽ?» እላለሁ። እሷ «ያዝኩ» ካላለች አልቋጥርም። አንድ ጊዜ ብጠራት ብጠራት ዝም አለች፤ ተናድጄ ቁልቁል ሳይ ለካ አንቺን ከጀርባዋ እያወረደች ነው። ነጠላዋን ሣሩ ላይ አንጥፋ፣ አንቺን አስቀምጣ፣ ተመልሳ ገመዱን በወገቧ አዙራ፣ ከዚያ በኋላ ነው «ያዝኩ» ያለችኝ። አንቺ ያኔ የወደቀውን የዋንዛ አበባ እየለቀምሽ ትበዪ ነበር።

እናትሽ ካረፈች ሁለት ክረምት አለፈ። አምና መስከረም ማማውን አልነካሁትም። ዘንድሮ ቀና ብዬ ሳየው እንደ አሮጌ አልጋ መሐሉ ጎድጉዷል። ዋንዛው ደግሞ ማበብ ጀምሯል። አበባው መጥቶ ማማው ካልታሰረ ቀፎ አይታይም፤ ቀፎ ካልታየ ንቡ ጥሎ ይሄዳል።

ጳጉሜን ላይ ደውለሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። «አባ፣ ያንን ዛፍ አንድ ጊዜ ወጣ ካሉኝ፣ በኅዳር መጥቼ ዛፉን አስቆርጬ አንተን ይዤህ ነው የምሄደው» አልሽ። ፉከራ መስሎኝ ነበር። መስከረም ሳይጋመስ ግን ከነቀምቴ አንድ የጣውላ ነጋዴ መጣ። በስምሽ ሰላምታ አቀረበልኝ፣ ዋንዛውን ዞረው፣ ግንዱን እንደ ሰንጋ ጎን መታ መታ አደረገው።

«ይሄ ስንት አልጋ ይወጣዋል» አለ ለራሱ።

«አሁንም አልጋ ነው» አልኩት። አልገባውም።

እንግዲህ ዱረቲ፣ ዛፍ ላይ አትውጣ የምትዪኝ አንቺ የምትኖሪው አራተኛ ፎቅ ነው። አምና ስመጣ ደረጃሽ ላይ ሦስት ጊዜ አረፍኩ። ከመስኮትሽ ወደ ታች ሳይ ሰው ዶሮ ያህላል። እኔ ማማዬ ላይ ሆኜ ከአጥሩ ወዲያ ያለውን የጃራን ጢም ነጩን ከጥቁሩ እለያለሁ። ታዲያ ከሁለታችን ዛፍ ላይ ያለው ማነው? ያዘጋጀሽልኝ ክፍል ጥሩ ነው፣ አልጋውም ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን እዚያ ቤት የእኔ ሥራ የቱ ነው? ቴሌቪዥኑን የአብስራ ትከፍተዋለች፣ በሩን በኃይሉ ይዘጋዋል።

አሁን ወደ ገመዱ ልምጣ። ነጋዴው በሄደ በሦስተኛው ቀን ጃራ እያለከለከ መጣ።

«አባ ዱረቲ፣ ላሜ ገደል ገባች። ገመድ አውሰኝ።»

ደንግጬ ሁለቱንም ጥቅል ሰጠሁት። እኔም ልምጣ ስለው «አንተ ወገብህን ጠብቅ» ብሎኝ ሮጠ። ላሙ ገደል የገባችበት ሰው እየሳቀ ሲሮጥ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም። ማታ ላሟ በደጄ አለፈች። እግሯ ላይ ጭቃ እንኳ የለም። ገመዴን ስጠይቀው መጀመሪያ «እርጥብ ነው፣ እየደረቀ ነው» አለኝ። ቆይቼ ስጠይቀው «አክስቴ ጋ ነው» አለኝ። የጃራን አክስት እኔው ራሴ ነኝ ቃሬዛ ተሸክሜ የቀበርኳት።

ነገሩ ሸተተኝና ነቀምቴ ወጣሁ። ኑሪያን ታስታውሻታለሽ፣ ገበያው ውስጥ ገመድና ጆንያ የምትሸጠውን፣ የእናትሽን ወዳጅ።

«አካም ነጋ ኑሪያ። ሁለት ጥቅል ገመድ።»

«ነጋ አባባ። ገመድ የለም፣ አልቋል።»

«የተቀመጥሽበትስ?»

«ይሄ? ይሄማ ወንበሬ ነው።»

«ወንበርሽ ጫፉ ተተርትሯል።»

«ወንበር አልሸጥም አባባ» አለችና ሳቋ አመለጣት። በነጠላዋ አፏን ይዛ፣ «ምን ላድርግ? ዱረቲ ደውላ የእናቴ ወዳጅ ከሆንሽ ብላ አስማለችኝ» አለች።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። በመኪናው ውስጥ ተናድጄ ነበር፤ አኖ ስደርስ ግን ሳቄ መጣ። አባቷ ገመድ እንዳያገኝ ሁለት ከተማ ያስተባበረች ልጅ የማን ልጅ ናት? እልኸኝነቱ ከእኔ ነው፣ ዘዴው ከእናትሽ።

የቀረኝ የአሮጌ ገመድ ቁርጥራጭ ብቻ ነበር። ቀጣጠልኩት። አሁን ደግሞ ከሥር የሚስብ ሰው የለም። ለጃራ አልናገር፣ እሱ ያንቺ ወታደር ነው። ስለዚህ ማሰብ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የእናትሽን የወፍጮ መጅ አመጣሁ። ገመዱን አዙሬ ጫፉ ላይ ድንጋዩን አንጠለጠልኩት፤ እሱ ይሳብ፣ እኔ ልቋጥር ብዬ። ድንጋይ ይስባል፣ እውነት ነው። ግን አይሰማም። ትንሽ ላላ አድርግ ብትዪው አያላላም። ተወዛውዞ ተወዛውዞ ከቋጠሮው አመለጠና ጎመኔ መሐል ገባ። ከዚያ ድንጋጤ ወዲህ አንዷ ዶሮዬ እንቁላል አልጣለችም።

ቀጥሎ የሮቤራን አህያ ለመንኩ። እሷ ጎበዝ ናት፤ ቁም ሲሏት ትቆማለች። ጫፉን ከኮርቻዋ አስሬ ወጣሁ። ሁሉም መልካም ነበር፣ ገመዱ ሲወጠር ይሰማኛል። ቋጠሮውን ስጀምር ግን ከአጥሩ ወዲያ ሣር ታያት። ገመዱ እጄ ውስጥ ሮጦ ተበጠሰ፤ እሷም ግማሹን እየጎተተች ቤቷ ገባች። ሮቤራ ማታ መጥቶ «ኦቦ ታፋ፣ ለአህያዬ ጭራ ቀጥለህላታል?» አለኝ።

ሦስተኛው ዘዴ ተሳካ። ከሐዋሳ የላክሽልኝን ከዘራ ታስታውሻለሽ? ያ ራሱ ነሐስ የሆነው። የአቅመ ቢስ ነገር ነው ብዬ ከበር ጀርባ አቁሜው ነበር። አንድ ጠዋት ዓይኔ አረፈበት። ይዤው ወጣሁ። ከግንዱ በኩል ያለው ማሰሪያ ላልቶ ነበርና ከዘራውን በገመዱ መሐል አሳልፌ አሽከረከርኩት። ገመዱ በራሱ ላይ እየተጠመጠመ እንደ ክራር ጅማት ከረረ። እንዳይፈታ የከዘራውን ጫፍ ከቅርንጫፉ ጋር አሰርኩት። ታፋ ያለ ከዘራ ይሄዳል ብለው ቢነግሩሽ ምክንያቱ ይሄ ነው። ከዘራው ሥራ ላይ ነው።

ያ ከግንዱ በኩል ያለው ማሰሪያ እናትሽ ለመጨረሻ ጊዜ የሳበችው ነው። ሌሎቹን ሦስቱን ፈትቼ ነበር። እሱን ግን አልፈታሁትም፣ ጊዜ አልነበረኝም።

ለሦስቱ ማሰሪያ የሚሆን ገመድ ጨርሶ አልቀረኝም። ዘንድሮ የመስቀሉን ቅርጫ በሬ ሲያርዱ ቆዳው ሮቤራ እጅ ላይ ቀርቶ ነበር። ቆዳ ዛሬ የሚገዛው የለም፤ ድሮ በቆዳ ወንድምና ወንድም ይጣላ ነበር፣ አሁን ውሻ ይጎትተዋል። ውሰደው አለኝ። ጠፍር አድርጌ ተለተልኩት፣ ወንዝ ወስጄ ዘፈዘፍኩት፣ እርጥቡን ወጥቼ አሰርኩት። እርጥብ ጠፍር እንደ ሊጥ ነው፣ የሚስብ ሰው አይፈልግም፣ የአንድ ሰው እጅ ይበቃዋል። ከዚያ ፀሐይ ትወጣለች። ሲደርቅ ራሱን በራሱ ይስባል፣ እንጨቱ እስኪንሰቀሰቅ ድረስ። እኔ አጥር ጥግ ቁጭ ብዬ ከላይ ሲጢጥ ሲጢጥ ሲል እሰማዋለሁ። ሌላኛውን ጫፍ ፀሐይ ያዘችልኝ አልኩ። በጣቴ ብመታው ከበሮ ሆኗል።

ለጃራ በአጥር ላይ ነገርኩት። «ብቻዬን አሰርኩት። ገመዱን ላምህ ትታጠቀው።»

ቀና ብሎ አየው። «ጥቅምት ገና አላለቀም» አለና ገባ።

ይህ አባባሉ ያን ጊዜ ምቀኝነት መስሎኝ ነበር። ጠፍር የሞፈርና የአልጋ ማሰሪያ ነው። ሞፈር ማታ ቤት ይገባል፣ አልጋም ጣሪያ አለው። ዋንዛ ላይ ጣሪያ እንደሌለ ረሳሁ።

ባለፈው ሰኞ ሌሊት ጥቅምት የማያውቀው ዝናብ ጣለ። ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ወጣ፣ አበባውም እንደ ታጠበ ነጠላ ነው። መሰላሌን አቁሜ ሐን፣ ያችን ቁጡዋን ቀፎ፣ ላያት ወጣሁ። ማማው ላይ ተቀምጬ ክዳኗን ከፈት ሳደርግ ከሥሬ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። ፈጥኖ ቢሆን እደነግጥ ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው፣ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው። ጠፍሩ ረጥቦ ሊጥ ሆኗል። ሦስቱም ጥግ አንድ ላይ ላሉ። ማማው ተጋደመ፣ መሰላሉ ተንሸራቶ ሣሩ ላይ ተኛ፣ እኔም ወደ ዳር ስንሸራተት እጄ ከዘራው ላይ ገባ። ያዝኩት። ያ ከግንዱ በኩል ያለው አራተኛው ማሰሪያ ንቅንቅ አላለም።

እንዳትደነግጪ፣ አሁን መሬት ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ።

እዚያ ተቀምጬ አሰብኩ። ብጮህ ጃራ ይሰማኛል፣ ቤቱ እዚያው ነው። ግን ታፋ ዛፍ ላይ ቀርቶ ጮኸ ከሚባል እዚያው ብሰነብት ይሻለኛል። ስለዚህ ዘመርኩ። እሑድ እሑድ መጨረሻ ላይ የምንዘምረውን፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሲያልቅ ደግሞ ከመጀመሪያው። አበባው በትከሻዬ ላይ ይረግፋል፣ ንቡ ሥራውን ይሠራል። ስንት ጊዜ እንደዘመርኩት አላውቅም፣ ድምፄ ሊዘጋ ሲል ጃራ በአጥሩ ብቅ አለ።

«አባ ዱረቲ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ዛፍ ላይ አወጣችሁት?»

«ንቡን እያየሁ ነው።»

«መሰላልህ ሣር ላይ ተኝቷል።»

«ደክሞት ነው።»

«ማማህም ወደ ኑኑ ቁምባ አገር ያዘነበለ ይመስላል።»

«ከሥር ስታየው ነው እንዲያ የሚመስለው።»

መጥቶ የዋንዛው ሥር ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «እንግዲህ ካልቸገረህ ልሂድ» አለ።

«ሂድ።»

አልሄደም። ቀና ብሎ ማማውን እያየ፣ «ገመድ ቢኖር ኖሮ» አለ።

«ገመድማ ነበረኝ። ገደል ለገባች ላም አውሼው ነው።»

«ላሟ እንኳ…»

«ላምህ ትናንት ጎመኔን ስትበላ ነበር። ገደል ውስጥ የዘራሁት ጎመን የለኝም።»

ባርኔጣውን አድርጎ ተነሣ። ሁለቱንም ጥቅል ይዞ ለመመለስ አፍታም አልፈጀበት፣ ከአልጋው ሥር ነው ያወጣው። መሰላሉን አነሣና «አቆምኩልህ፣ ውረድ» አለኝ።

«መጀመሪያ ይታሰራል።»

«አባ ዱረቲ፣ ጌታ ይይልህ።»

«ጫፉን ወርውርልኝ።»

ወረወረልኝ። የመጀመሪያውን ጥግ አሰርን። ጃራ እንደ እናትሽ አይደለም፣ በጉልበት እየጎተተ ያቃስታል። ሆኖም ጨከነ። ሁለተኛው ጥግ ላይ ስንደርስ ፀሐይዋ በአበባው መሐል ዓይኔ ላይ ወጣች። እጄ ቋጠሮው ላይ ነው፣ ሐሳቤ የት እንደነበረ አላውቅም። አፌ ብቻውን፣

«ድንቄ፣ ያዝሽ?» አለ።

ያልኩትን ወዲያው ሰማሁት። ወደ ታች አላየሁም። ጃራን ታውቂዋለሽ፤ የእኔን አንዲት ስህተት ካገኘ አኖ ሙሉ ሳይነግር እራቱን የማይበላ ሰው ነው። ገመዱ ከታች ሲወጠር ተሰማኝ።

«ያዝኩ» አለ። ቀስ ብሎ።

ቋጠርኩት። ሦስተኛውን ስናስር ምንም አልጠራሁም፤ እሱ ግን ገመዱን ወገቡ ላይ አዞረና፣ ወደ ኋላ ተንጋለለና፣ ሳልጠይቀው «ያዝኩ» አለ። ማን እንዳስተማረው አልጠየቅሁትም። ስንት ዓመት በአጥሩ ላይ ሲያየን ኖሯል።

«ያኛውስ?» አለኝ ወደ ግንዱ እያሳየ። «በስብሷል እኮ። ከዘራው ነው የያዘው።»

«እሱ ይቆይ።»

«ለምን ይቆያል?»

«ይቆይ አልኩህ።»

ወረድኩ። የተላጠ መዳፉን እያራገፈ፣ «ለዱረቲ ምን ልበላት?» አለኝ።

«እኔው እጽፍላታለሁ።»

«ጥቅምት እስኪያልቅ ዝም እላለሁ። ከዚያ ትደውላለች፣ እኔ ደግሞ ለእሷ መዋሸት አልችልም።»

«ለእኔማ ችለሃል።»

«አንተን መዋሸት መድኃኒት ነው።»

ስለዚህ ጻፍኩልሽ። በጃራ ላይ እንዳትቆጪ፣ በኑሪያም ላይ። ታማኞችሽ ናቸው።

አሁን ቃልሽን እጠብቃለሁ። ወጥቻለሁ፤ ወጣሁ ብዬም በገዛ እጄ ጽፌያለሁ። በኅዳር መጥተሽ ዛፉ ይቆረጥ ካልሽ ግንዱን አቅፌ አላለቅስም። ግን ከነጋዴው በፊት እኔ ጋ ነይ። ሦስቱ ጥግ ጥሩ ታስሯል፣ የአብስራ እንኳ ብትጨፍርበት አይነቃነቅም። ማሩ በኅዳር ይደርሳል። ዘንድሮ የዋንዛ ማር ነው፣ ነጩ፣ እናትሽ ለአራስ ታስቀምጠው የነበረው። አንቺ የምትገዢውን ሐዋሳ ቀምሼዋለሁ፤ ክፉ አልናገርም፣ ስኳሩ ጥሩ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ከእንግዲህ ብቻዬን አልወጣም። ይህንን ለጃራ አልነገርኩትም፣ ይኮራብኛል። ላንቺ ብቻ ነው።

ዋቃዮ ሲ ሃ ኤጉ፣ እግዚአብሔር ይጠብቅሽ። የቤትሽን ደረጃ ያሳጥርልሽ። የአብስራን ያሳድግልሽ፣ በኃይሉን እጁን አይንሳው። የእናትሽ እጅ የነካው ሁሉ እንደሚጣፍጥ የነካሽው ይጣፍጥ። ደኅና ዋዪ።

አባትሽ
ታፋ ባይሳ

ከፊርማዬ በታች ወረቀት ስለተረፈ ዕዳዬን ልጻፍልሽ። ልሞት ነው ብዬ አይደለም፣ እንዳታለቅሺ። ሁሉንም እኔው ራሴ ነኝ የምከፍለው፣ ማንም እንዲከፍልልኝ አልፈልግም።

ለሮቤራ የቆዳ ውለታ አለብኝ። አልጋው ላልቷል፣ በጠፍሩ አስርለታለሁ፤ እሱ ቤት ጣሪያ አለ። ለአህያዋም አንድ ሸክም ሣር። ለኑሪያ አንድ ቅል ማር፤ ወንበሯን ሰድቤባታለሁ።

ለጃራ የአንድ ቀን ሥራ አለብኝ፣ አጥሩ በኅዳር ይታደሳል፣ እሠራለታለሁ። አንድ ቃልም አለብኝ። እሱ በምን እንደሚከፈል ገና አላወቅሁም። ምናልባት እሱም አንድ ቀን ከፍ ያለ ቦታ ወጥቶ ይጠራ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከሥር እኔ እገኛለሁ።

ላንቺ የከዘራ ዕዳ አለብኝ። ብቻዬን አሰርኩት ብዬ ከፎከርኩበት ቀን ጀምሮ ሥራ የያዘው እሱ ነው።

የመጨረሻው የእናትሽ ነው። አራተኛው ማሰሪያ። በየመስከረሙ ተፈትቶ በአዲስ መታሰር የነበረበት ነው፣ እሷ ብትኖር እስካሁን ትቆጣኝ ነበር። ሁለት ክረምት ተሸክሟል፣ ይበቃዋል፣ መፈታት አለበት። ይህን ግን ከጃራ ጋር አላደርገውም። በኅዳር ስትመጪ ቀሚስ ሳይሆን ሱሪ ልበሺ፣ ጫማሽም ጠፍጣፋ ይሁን። የአብስራን ሣሩ ላይ ነጠላ አንጥፈሽ አስቀምጫት፣ አበባም ብትበላ ተያት። ጫፉን በወገብሽ አዙሪ፣ እግርሽን ሥሩ ላይ ደግፊ። ከዚያ እጠራሻለሁ። ሳትይዢ ያዝኩ እንዳትዪኝ። እናትሽ አንድም ቀን ብላኝ አታውቅም።